እስከ ገደል ድረስ ማክበር

ፊሽካው ሲነፋ ሰዓት ሠሪው ካርታውን ከልጃቸው ባል፣ ከፀጉር አስተካካዩ እጅ መንጭቀው ወደ ጫካው ገቡ።

«አባባ፣ ይጠብቁኝ እንጂ!» እያለ ፀጉር አስተካካዩ ተከተላቸው።

ሚስቱ ኤርፖርት ድረስ በምርኩዝ እየተደገፈች ሸኝታው ነበር። «አደራ፣ ካርታውን አንተ ያዝ። ደግሞ አባዬ በተናገረ ቁጥር እሺ አትበል» ብላዋለች። አንደኛውን አደራ ገና ከመነሻው መስመር ሳይርቅ በላው።

ውድድሩ የሦስት ቀን ነው። ሁለት ሁለት ሆኖ፣ በካርታና በኮምፓስ ብቻ፣ በማያውቁት አገር ጫካና ተራራ ውስጥ የተሰቀሉ ትንንሽ ባንዲራዎችን በተራ በተራ ፈልጎ ማግኘት ነው። አባትና ልጅ በየዓመቱ አብረው ይወዳደሩ ነበር። ዘንድሮ ልጅቱ ከደረጃ ወድቃ እግሯ ጀሶ ውስጥ ስለገባ፣ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ፀጉር ቤቱ በር ካልሆነ በእግሩ ሄዶ የማያውቀው ባሏ በእሷ ቦታ መጣ። ስፖርቱን ወዶ አይደለም። አማቱ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ «ደህና ነህ?» ከማለት አልፈው አናግረውት አያውቁም። አብረን ብንደክም ምናልባት እንቀራረብ ይሆናል ብሎ ነው።

የፀጉር አስተካካይ ሥራ ግማሹ መስማማት ነው። ምላጭ ይዞ ደንበኛውን የሚከራከር ሰው ወንበሩ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ አዛውንቱ «በዚህ ሸለቆ» ሲሉ «እሺ»፣ «አይ፣ በዚያኛው» ሲሉም «እሺ» አለ። የመጀመሪያውን ቀን ዝናቡ ከላይ እየወረደባቸው፣ ረግረጉ ከታች ጫማቸውን እየዋጠ፣ አንዱን ኮረብታ ሲዞሩ ዋሉ።

«ያሳሳተን ዝናቡ ነው» አሉ አዛውንቱ ጭቃቸውን እየጠረጉ።

«አዎ አባባ፣ ዝናቡ ነው።»

ማታ ተወዳዳሪዎቹ በሚያድሩበት የስፖርት አዳራሽ ግድግዳ ላይ ውጤት ተለጠፈ። ሰዓት ሠሪው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ፊት ለፊቱ ቆሙ፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና «መጥፎ አይደለም» ብለው ተመለሱ። ፀጉር አስተካካዩ ጠጋ ብሎ አየ። አዛውንቱ አንብበው የተመለሱት የልጃገረዶቹን ምድብ ውጤት ነበር።

ሊስቅ ቃጥቶት ተወው። በሰው ሰዓት ውስጥ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰች ብሎን እየፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከሄደ ምን ቀራቸው? ሚስቱ ለምን ካርታውን አንተ ያዝ እንዳለችው አሁን ገባው። ግን ማን ደፍሮ ይናገር? ለዚያውም አማች!

በማግሥቱ ቁጥቋጦውን እየጣሱ፣ እሾህ እጃቸውን እየቧጨረው፣ ሁለት ባንዲራ አገኙ። ወደ ሦስተኛው ሲወጡ አዛውንቱ ደከማቸው።

«እዚያ ግንድ ላይ ትንሽ አረፍ እንበል» አሉ።

ግንዱ ተነሣ። ግልገሎቿን ከኋላዋ ያስከተለች የዱር አሳማ ነበረች። ፀጉር አስተካካዩ አማቱን በቦርሳቸው ማንገቻ ጎትቶ አንድ ቋጥኝ ላይ ወረወራቸው፤ እሱ ሲንጠላጠል የሱሪው አንድ እግር እታች ቀረ። አሳማዋ ቋጥኙን ስትዞር፣ ስታጉረመርም ቆይታ ግልገሎቿን ሰብስባ ሄደች።

«ግንድ መስሎኝ እኮ ነው» አሉ አዛውንቱ ቀስ ብለው።

«እኔም ግንድ ነው ያልኩት አባባ» ብሎ ዋሸ። እንደተናገረ ራሱን ጠላው።

በሦስተኛው ቀን ጭጋግ ተራራውን ሸፈነው። ግማሽ መንገድ ላይ ሁለት ረጃጅም ወንድማማቾች እያፏጩ አለፏቸው። አምና አባትና ልጅ ለጥቂት የቀደሟቸው ናቸው። የአዛውንቱ ደም ፈላ። ካርታውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት።

«በተራራው ጠርዝ ከዞርንማ ቀደሙን። ይኸው፣ እዚህ ጥቁር መንገድ አለ፤ ቀጥ ብሎ ባንዲራው ላይ ይጥለናል።»

ፀጉር አስተካካዩ በትከሻቸው ላይ አሻግሮ አየ። ጥቁሩ መስመር ትንንሽ ጥርሶች ነበሩት። ጥርስ ያለው መስመር ገደል መሆኑ ከካርታው ግርጌ ተጽፏል።

«አባባ…»

«ምን?»

«ምንም።»

አዛውንቱ ሮጡ። ጭጋጉ ከቀዩ የዝናብ ልብሳቸው በቀር ሁሉንም ዋጠው። እሱም እየሮጠ፣ አሁን እነግራቸዋለሁ፣ አሁን እነግራቸዋለሁ ይላል፤ ምላሱ ግን አልታዘዝ አለው። ከፊት ከእግራቸው ስር ጠጠር ሲንከባለል ሰማ። ጠጠሩ ሲያርፍ አልተሰማም።

«ቁም!» ብሎ ጮኸ። ቀዩን ልብስ ጨምድዶ ወደ ኋላ ሲስባቸው ሁለቱም በጀርባቸው ወደቁ።



«ቁም አልከኝ?»

«ገደል ነው አባባ። መንገድ አይደለም።»

አዛውንቱ እጃቸውን ዘርግተው አንድ ድንጋይ ገፉ። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ከታች ድምፅ መጣ።

«ገደል መሆኑን መቼ አየህ?»

«ቅድም፣ ሲያሳዩኝ።»

«የዓይኔንስ ነገር?»

አንገቱን ደፋ። «ከትናንት ወዲያ ማታ። ውጤት ሲያዩ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«አክብሬዎት ነው።»

«እስከ ገደል ድረስ ነው እንዴ የምታከብረኝ?»

ፀጉር አስተካካዩ አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ፈርቶ ኖሮ እንባው መጣ። አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ ጭጋጉ አዞሩ።

«ሰዓቱን በጆሮዬና በጣቴ ነው የምሠራው፤ ዓመት አለፈኝ» አሉ። «ልጄ ካወቀች ሱቁን ታዘጋኛለች። ከዘጋሁት ደግሞ ጠዋት ተነሥቼ የት እሄዳለሁ?» ካርታውን አጣጥፈው ሰጡት። «በል አንብብ። እግሬ ገና አልታወረም።»

ተነሥተው በጠርዙ ዞሩ።

«ከፊታችን ምን አለ?»

«ቡናማ መስመሮቹ ተጠጋግተዋል።»

«ዳገት ነው። በየት በኩል ይራራቃሉ?»

«በግራ።»

«ተከተለኝ!»

እሱ እያነበበ፣ እሳቸው መሬቱን በእግራቸው እየለዩ፣ ከባንዲራ ባንዲራ ወጡ ወረዱ። አንድ ቦታ አዛውንቱ እንደ ልማዳቸው «በወንዙ በኩል» ሲሉ «አይሆንም አባባ፣ በድልድዩ ነው» አላቸው። አጉረመረሙ። በድልድዩ ሄዱ።

መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ የመድረሻው ገመድ ሊጠቀለል ምንም አልቀረውም።

ማታ ውጤቱ ፊት ሰው ተጋፋ። ሰዓት ሠሪው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደ ልማዳቸው ቆሙ። ፀጉር አስተካካዩ ራሳቸውን እስኪነቀንቁ ጠበቀ። አልነቀነቁም። ዞር ብለው፣ ረጃጅሞቹ ወንድማማቾች እንኳ ዘወር ብለው እስኪያዩ ድረስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ና እስቲ አንብብልኝ፤ እኔ አይታየኝም» አሉ።

«ከታች ሁለተኛ ነን አባባ።»

«ከታች ሁለተኛ!» ሳቁ፤ ሳቃቸውን ከሠርጉ ወዲህ ሰምቶት አያውቅም። ከዚያ ክንዱን ያዙት። «በል፣ ለልጄ ደውልልኝ።»

«ምን ሊሏት ነው?»

«የዓይኔን ነገር። አንተ እንዳትነግራት፤ እኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

«እሺ» አለ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ከልቡ ያላት እሺ ይህች ብቻ ነበረች።