ጸጥ ያለችው ነጐድጓዲት

በሐመልዛ መንግሥት፣ ዕመቅ በተባለችው ከተማ፣ መብራቶች በቀትር ጠፉ። እፍ ያላቸው ሰው አልነበረም። መዳብ አንጣሪዎቹ በሚኖሩበት በታችኛው ሰፈር ነበልባሉ መጀመሪያ አነሰ፤ ቀጥሎ እንደ ደከመ ሰው ተጋደመ፤ ከዚያ ጨለማ ሆነ። አንጣሪዎቹ መዶሻቸውን ጥለው፣ ስም እየተጠራሩ እርስ በርስ ተፈላለጉ። ምልክቱን የሚፈታ ነቢይ አላስፈለጋቸውም። ሙት አየር ከሥር መምጣቱን ሁሉም አወቀ።

ዕመቅ በምድር ሆድ ውስጥ የተፈለፈለች ከተማ ናት። ሌሎች መንግሥታት ግንባቸውን ወደ ሰማይ ሲያንጹ የሐመልዛ ሰዎች ቁልቁል አነጹ፤ አዳራሾቿ የመዳብ ዓለት ናቸው፤ ደረጃዎቿን የትውልድ እግር አለስልሷቸዋል። እንዲህ ያለ ከተማ ግን በራሱ አይተነፍስም። ስለዚህ የቀደሙት አባቶች፣ እግዜር ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወንዙ በሚወርድበት በላይኛው በር ነጐድጓዲትን ተከሉ። ቤት የምታህል የነፋስ መንኮራኩር ነበረች። ወንዙ ያዞራታል፤ እሷም በሳንቃ ክንፎቿ የተራራውን አየር እየቀዳች እስከ ታችኛው ሰፈር ትነፋለች። ግሣቷ ተራራ ያንቀጠቅጥ ነበር። ሕፃናት በግሣቷ ይተኙ ነበር፤ ሙሽሮች በግሣቷ ይጨፍሩ ነበር። የዕመቅ ልጅ አፉን ሲፈታ ከ«እማ» ቀጥሎ የሚማረው አንድ ሕግ ብቻ ነው፦ ነጐድጓዲት ዝም ካለች፣ የያዝከውን ጥለህ ወደ ላይ ሩጥ።

ያን ቀን ዝም አላለችም፤ ግን ደክማ ነበር፤ ወንዙ ጎድሏልና። ወንዙን ያጎደለው ገርዳም ነው። ገርዳም ዓይን የለውም፤ ጆሮዎቹ እንደ በር መዝጊያ የሰፉ፣ ገላው እንደ ኮረብታ የተዘረጋ አውሬ ነው። ድምፅ ይከተላል፤ ድምፁን ያወጣውን ይበላል። የነጐድጓዲትን ግሣት ከሩቅ ሰምቶ፣ ተራራ ለተራራ መጥቶ ምንጩ ላይ ተጋድሞ ነበር። እዚያ ሆኖ ያዳምጣል፤ ሲያዳምጥም ውሃውን በገላው ገደበው።

ንግሥት ዜማራ ሕዝቡን በመዳቡ አዳራሽ ሰበሰበች። ንግሥቲቱ ረጅም፣ ቃሏ የተመጠነ ሴት ነበረች።

«የዕመቅ ልጆች ሆይ!» አለች። «ላይኛው ሰፈር ሁላችሁንም አይችልም። አንጣሪዎቹን ወደ ተራራው ባወጣቸው ገርዳም ይበላቸዋል፤ ባሉበት ብተዋቸው ሙት አየር ይወስዳቸዋል፤ አልፎም ወደ እናንተ ይወጣል። መካሪዎቼ ታችኛውን ሰፈር በድንጋይ ዝጊው ይሉኛል። እስከ መዳብ በዓል እታገሣለሁ። በዚህች በቀረችው ውሃ ታችኛውን ሰፈር የሚያስተነፍስ ካለ ዛሬ ይናገር!»

የመንኮራኩሯ አለቃ አባ ነጐዶ ተነሡ። ደረታቸው እንደ ከበሮ የሰፋ፣ ጢማቸው እስከ መቀነታቸው የወረደ ሽማግሌ ናቸው። በነጐድጓዲት ጎን ከመኖራቸው የተነሣ ጆሮአቸው ደንቁሯል፤ ይህን ከእርሳቸው በቀር የማያውቅ ሰው አልነበረም።

«ክንፍ ይጨመርላት!» አሉ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ።

«አባ፣ ስንጨምር ነው የኖርነው» አለች ከኋላቸው የቆመች ወጣት። ትርንጎ ትባላለች፤ የመንኮራኩሯ ጠባቂ ናት። አንዱን ጫፍ በመንኮራኩሯ ቤት ላይ፣ ሌላውን በጆሮዋ ላይ አድርጋ የምታዳምጥበት ረጅም በትር በእጇ ነበር። «በጨመርን ቁጥር ግሣቷ ይጨምራል፤ ነፋሷ ግን ባለበት ነው።»

«ምን አለች?» አሉ አባ ነጐዶ። ሲነግሯቸው ተቆጡ። «ግሣት ከጨመረ ነፋስ ጨመረ ማለት ነው! ይህን የማያውቅ የዕመቅ ልጅ አለ?»

አልነበረም። ሁሉም እንደዚያ ያምን ነበር፤ ሊቁም ግንበኛውም።

ትርንጎ ወደ ንግሥቲቱ ቀረበች። «ንግሥት ሆይ፣ በሰሜን ገደል ሰወራ የምትባል ወፍ አለች። ላም ታህላለች፤ ስትበር ግን ድምፅ የላትም ይላሉ። ይህን የሚያህል ክንፍ እያለ ድምፅ የሌለው ለምንድን ነው? ክንፏን ማየት እፈልጋለሁ።»

ከሕዝቡ አንዳንዱ ሳቀ። ትርንጎ አልሳቀችም። እህቷ ወለላ የታችኛው ሰፈር አንጣሪ ናት፤ ገና ጡት ያልጣለ ልጅ ይዛ እዚያው ነበረች። ትርንጎ ቀኝ እጇን አነሣች፦ «እስትንፋስን በሰጠ አምላክ ስም እምላለሁ! ታችኛው ሰፈር እስኪተነፍስ ድረስ ንጹሕ አየር አይጣመኝ!»

ንግሥቲቱ ፈቀደች። አባ ነጐዶም አብረው ወጡ።

«አባ፣ ካላመኑ ለምን ይደክማሉ?» ብላ ጮኻ ጠየቀቻቸው።

«ስትሳሳቺ ማን ያይልሻል?» አሉ ጋቢያቸውን እየጠቀለሉ።

ሦስተኛው ቢተው ነበር፤ ገመድ ሠሪ፣ ገደል የሚወጣ፣ አፉ የማያርፍ ጎልማሳ። እግራቸውን በበግ ለምድ ጠቅልለው፣ ኮቴያቸው እንዳይሰማ በምንጩ በኩል አለፉ።

«አባ፣ እርስዎ ሲያንሾካሹኩ ተራራ ይባንናል፤ እባክዎ በምልክት ይንገሩን» አለ ቢተው።

«ምን አልክ?»

«ጋቢው አማረብዎት።»

«አውቃለሁ።»

ገርዳምን ሲያዩ ግን ቢተው ራሱ ቃል አጣ። አውሬው ምንጩ ላይ ተኝቶ ጆሮዎቹ ብቻ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ አንዱ ወደ ከተማው፣ አንዱ ወደ ሰማዩ። አባ ነጐዶ ወደ ትርንጎ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ እንደ ሹክሹክታ በመሰላቸው ድምፅ፣ «ያውና!» አሉ። ተራራው «ያውና… ያውና…» ብሎ መለሰ።

ገርዳም ተነሣ።

ሮጡ። ከፊታቸው ያለው ሙት ሸለቆ ብቻ ነበር፤ ሙት አየር እንደ ውሃ የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ። አባ ነጐዶ ሁለቱንም በትከሻቸው ጎትተው ከፍ ያለ የዓለት ጫፍ ላይ አወጧቸው፤ ፋኖሳቸውን በገመድ ወደ ታች ለቀቁት። ከእግራቸው ሥር ትንሽ ወረድ እንዳለ ጠፋ። በእጃቸው አፋቸውን ከደኑ። ገርዳም እስከ ሸለቆው አፍ መጣ፤ ግዙፍ ራሱን ወደ ጎድጓዳው አስገባ፤ ሳለ፤ የፊት ጉልበቱ ታጠፈ። የሚከተለው ድምፅ ስላልነበረ ግን ራሱን ነቅንቆ ወደ ኋላ ተመለሰ።

«ድምፁ ባይቋረጥ ኖሮ ይገባ ነበር» አሉ አባ ነጐዶ፣ ቆይተው።

የሰሜኑን ገደል በቢተው ገመድ ወጡት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትርንጎ በትሯን ዓለቱ ላይ ተክላ፣ ጆሮዋን ሰጥታ ተቀመጠች። የጉንዳን ጉዞ ሰማች። የቢተውን ሆድ ሰማች። ከዚያ ድንገት ነፋስ ማጅራቷን መታት፤ ሹሩባዋ ተነሣ፤ ቀና ስትል ሰወራ በላይዋ አልፋለች፤ ሰፊ፣ ነጭ፣ እንደ ጸሎት ዝም ያለች።

ትርንጎ ወደ አባ ነጐዶ ዞረች። ሽማግሌው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር።

«መታኝ!» አሉ። «ነፋሷ ፊቴን መታኝ፣ ልጄ! ምን ሰማሽ?»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ከስንት ዘመን ጀምሮ ምን ሰምቼ አውቃለሁ! አንቺ ንገሪኝ እንጂ!»

«ምንም አልሰማሁም፣ አባ። ምንም።»

ቢተው ከገደሉ ስንጥቅ የወደቀ ላባ አመጣ፤ ክንድ ይረዝማል። የፊት ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አለው፤ የኋላ ጠርዙ እንደ ነጠላ ዘርፍ የላላ ነው፤ መላው ላባ ውሃ እንደሚቀዳ መዳፍ ጎበጥ ብሏል። ትርንጎ ደጋግማ ዳበሰችው።

«ግሣቷ ነፋሷ አይደለም» አለች፣ እንዲሰሙ ጆሮአቸው ሥር ሆና። «ግሣቷ የባከነው ነፋስ ነው። ክንፎቿ ጠፍጣፋ ሳንቃ ናቸው፤ አየሩን በጥፊ ይመቱታል እንጂ አይቀዱትም። ነፋሱ ወደሚወጣበት ጉሮሮ ሲደርስም ያ የዓለት ምላስ አለ፤ እያንዳንዱ ክንፍ አጠገቡ ሲያልፍ አየሩ ይቀደዳል፤ እንደ ጭብጨባ። ወንዙ የሚደክመው ለጭብጨባው ነው።»

አባ ነጐዶ ላባውን ከእጇ ወሰዱ። «ታዲያ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጭብጨባ ስጠብቅ ኖርኩ?»

«ከተማ ሲጠብቁ ነው የኖሩት፣ አባ።»

ሲመለሱ ሽማግሌው ሌላ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ በእጅ የሚዞሩ ሁለት ትናንሽ መንኮራኩሮች ሠሩ፤ አንዱ በአሮጌው መልክ፣ አንዱ በላባው መልክ። በሁለቱም ፊት ክር አንጠለጠሉ። አሮጌው እየጮኸ ክሩን አወዛወዘው፤ አዲሱ ዝም ብሎ ክሩን እንደ ቀስት ቀጥ አደረገው። ያን ጊዜ አባ ነጐዶ መጥረቢያቸውን አነሡ። መንኮራኩሯ ለሥራው በቆመችባቸው ቀናት አንጣሪዎቹ በላይኛው ሰፈር ደረጃዎች ላይ ተጣበው ሰነበቱ። ከነጐድጓዲት ክንፎች ግማሹን ነቀሉ፤ የቀሩትን ጎበጥ አድርገው ወደ ኋላ እንዲያዘነብሉ ጠረቧቸው፤ ጠርዛቸውን እንደ ማበጠሪያ ቀረጹት። የምትስብበትን አፍ እንደ መለከት አፍ አሰፉት። በምላሱ ላይ ትርንጎ ስታመነታ ሽማግሌው መሮውን ከእጇ ተቀብለው አሳዩዋት፦ «ከክንፉ አርቂው። ጠርዙንም አሰያፊው፤ ክንፉ በአንድ ጊዜ እንዳይገጥመው፣ እንደ መቀስ ይንሸራተትበት።» እንዲህ ያለ እጅ ዕመቅ ዳግመኛ አላየችም።

ገርዳም ግን አሁንም ምንጩ ላይ ነው። አባ ነጐዶ በንግሥቲቱ ፊት ቆመው እንዲህ አሉ፦ «እኔ የጩኸት ሰው ነኝ። ያችን አሮጌ ትንሽ መንኮራኩር ስጡኝ። በሙት ሸለቆ አፍ ላይ አዞራታለሁ፤ ገደሉ ድምፁን ያጎላዋል። አውሬው ሲገባ ቢተው በገመድ ይስበኛል።»

የመዳብ በዓል ደረሰ፤ አንጣሪዎቹም ወደ ቤታቸው ወረዱ። አዋጅ ነጋሪዎች በየሰፈሩ ዞረው፣ «መንኮራኩሯ ዝም ብትል አትደንግጡ፤ እየሠራች ነው» ብለው ነገሩ። ሕዝቡም ራሱን ነቀነቀ። ትርንጎ የውሃውን መዝጊያ ሳንቃ አነሣች። ነጐድጓዲት ዞረች።

ጸጥታ ሆነ።

ትርንጎ ራሷ የጠረበችው፣ ራሷ ያሰላችው ጸጥታ ነው፤ ሆኖም እጇ ሳታዘው ሳንቃውን ሊዘጋ ሄደ። በጉሮሮው ላይ የሰቀለችውን ክር አየች። ቀጥ ብሏል! እጇን ሰበሰበች።

ከሥር ግን ጩኸት ተነሣ፦ «ዝም አለች! ዝም አለች!» ጆሮ አዋጁን ሰምቶ ነበር፤ እግር ግን የሚያውቀው አሮጌውን ሕግ ነው። መላው ታችኛው ሰፈር በመዳቡ ደረጃ ላይ ወደ ላይ ፈሰሰ፤ የኮቴው ድምፅ ከነጐድጓዲት ግሣት ያላነሰ ሆነ። ምንጩ ላይ ገርዳም ተነሥቶ ወደ ከተማው በር ዞረ።

በዚህ ጊዜ ነው ከሙት ሸለቆ ያ ግሣት የተሰማው።

ቢተው ኋላ እንዲህ ሲል ተናገረ፦ «አባ ከሸለቆው አፍ ሆነው ሲያዞሩ አውሬው አልዞረላቸውም፤ የደረጃው ኮቴ በለጠ። መንኮራኩሯን ታቅፈው ገደሉ ወደሚጠብበት ወደ ታች ወረዱ። እዚያ ሲያዞሯት ገደሉ ሁሉ አገሣ። ‹ይበቃል› ብዬ ጮኽኩ፤ አይሰሙም። ገመዱን ስስብ ፈቱት። ከዚያ ዞረው አዩኝና ሳቁ። እውነቴን ነው፣ ሳቁ።»

ደረጃው ላይ ሕዝቡ የሚያውቀውን ድምፅ ሰማና ቆመ። ከፊት የቆመችው ወለላ ነበረች፤ ልጇ ደረቷ ላይ ነው። በቆሙበት ከላይ የሚወርደው ነፋስ ፊታቸውን መታቸው። የሕፃኑ ፀጉር ተነሣ።

«ወለላ!» አለች ትርንጎ ከበሩ። «ኩራዝሽስ?»

«እየበራ…» ወለላ ወደ ሥር ዞራ አየች። «ዛሬ ለኩሼው እየበራ ነበር! እየበራ ጥዬው ሮጥኩ!»

ገርዳም ከበሩ ደጃፍ ወደ ግሣቱ ዞረ። ምድር እየደለቀ ወደ ሸለቆው ወረደ። ግሣቱ አልተቋረጠም፤ አውሬው ሲስል አልተቋረጠም፤ ተራራ የወደቀ ያህል ሲወድቅም ገና ነበር። ከዚያ ቀስ አለ። ከዚያ ቆመ።

በዕመቅ ሁሉ ፍጹም ጸጥታ ሆነ። ሕጉ ሩጥ ይላል። ትርንጎ ሕዝቡን አየች፤ ሕዝቡም በጉሮሮው ላይ ያለውን ክር አየ። የሮጠ የለም።

የቢተው ገመድ ሲሳብ በጫፉ የጠፋ ፋኖስ ብቻ ታስሮበት መጣ። በማግሥቱ ወንዙ ሞልቶ ወረደ። ትርንጎ ፋኖሱን በነጐድጓዲት ቤት ላይ ሰቀለችው፤ የመንኮራኩሯም አለቃ ሆነች።

ዛሬ በዕመቅ በየደጁ ክር ይንጠለጠላል። ልጆች የሚማሩት ሕግም ሌላ ሆኗል፦ ክሩን እይ። ሆኖም በየዓመቱ በመዳብ በዓል፣ በአሮጌው መልክ የተሠራች ትንሽ መንኮራኩር በሙት ሸለቆ አፍ ትዞራለች፤ ታገሣለችም። ሕዝቡ ደረቱን ነፍቶ ያዳምጣል፤ አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አውጥተው፣ «ይህ አባ ነጐዶ ናቸው» ይላሉ። ከዚያ እጀታው ይለቀቃል። ግሣቱ ይቆማል።

ከሚሊዮን እግር አንድም አይነቃነቅም።