ሠላሳ ሰባት ነጥብ ዜሮ

ይሄ ፈጠራ አይደለም። የማያምን ሱሉልታ ሄዶ ሩዋይዳን ራሷን ይጠይቃት።

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ።

ሩዋይዳ እዚያው ሱሉልታ፣ አንዲት ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ፣ ግንባር ላይ ተደቅነው ሙቀት የሚለኩ ቴርሞሜትሮችን ትፈትሻለች። መፈተሻው ጥቁር ቀዳዳ ያለው ማሽን ነው። ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ሲሞላበት ቀዳዳው ልክ ሠላሳ ሰባት ይሞቃል፤ ያንን የማያነብ ቴርሞሜትር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ለምሳ ስትወጣ ማሽኑን ከሶኬት ነቀለችው። ተመልሳ፣ ቀዝቅዟል ብላ፣ እንዲያው ለወጉ ቀዳዳውን ለካችው።

38.9

"ይሄ ደግሞ ምን ነካው?"

ሌላ ቴርሞሜትር አነሳች...

38.9

ስልኳ ጮኸ። ባሏ ኡዘይር ነው፤ ዓለም ገና፣ ከአራት ዓመት ልጃቸው ጋር ቤት ውሏል።

"ሚንሃን ትኩሳት ያዛት" አለ በሹክሹክታ። "ባመጣሽው ቴርሞሜትር ለካኋት።"

"ስንት?"

"ሠላሳ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ።"



"ሐኪም ቤት ውሰዳት! አሁኑኑ!"

"ባጃጅ ውስጥ ነን... አትዝጊው።"

ቴርሞሜትሩን ቀዳዳው ላይ እንደደቀነች፣ ዓይኗን ከቁጥሩ መንቀል አቃታት። 39.6... 40.2... ከዚያ መውረድ ጀመረ።

36... 33...

"ኡዘይር?"

"እየቀዘቀዘች ነው... ያ አላህ፣ እጇ በረደ!"

31...

ሌላ ምን ታድርግ? ሶኬቱን ሰካችና ማሽኑን ሠላሳ ሰባት ላይ ሞላችው። ሞኝነት እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን እናት ናት።

34... 36... 37.0

"ሞቀች!" አለ ኡዘይር። "ሠላሳ ሰባት ነጥብ ዜሮ!"

"አልሐምዱሊላህ" ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ኡዘይር ግን የልጃቸውን ስም ደጋግሞ ይጠራ ጀመር።

"ምነው?"

"አትተነፍስም..."

ሐኪሙም አርፋለች አለ።

ሊያጥቧት የመጡት ሴቶች ገላዋን ነክተው እጃቸውን ሰበሰቡ። ማታም ሞቃት ነበረች። በነጋታውም...

"የሞቀ ሬሳ አንገንዝም" ብለው ወጡ።

በሦስተኛው ቀን ሩዋይዳ ወርክሾፑን ከፍታ ገባች፤ ማሽኑ አሁንም ሠላሳ ሰባት ላይ እንደበራ ነው። ልጇ አፈር እንድትለብስ ማሽኑ መጥፋት አለበት። ልትነቅለው ሶኬቱን ጨበጠች።

ሌላውን እጇን ቀዳዳው አፍ ላይ አደረገች... ለስንብት።

መዳፏን ትንፋሽ ነካት።

ትንሽ፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል፣ የልጅ ትንፋሽ...

ሶኬቱን ለቀቀችው።

ሚንሃ እስከ ዛሬ አልተቀበረችም።