እናቴ ያልጨረሰችው ተረት

እኔ እንኳን በመንፈስ በሕልምም የማምን ሰው አልነበርኩም፣ በደርግ ጊዜ መካነ ሰላም ላይ አስተማሪ ሆኜ «ጂኒ የሚባል ነገር የለም» እያልኩ የአንገቴ ሥር እስኪገተር ከገበሬው ጋር ስከራከር የኖርኩት እኔው ነኝ፣ ስለዚህ ይህን ስነግርህ ቀልቤን የሳትኩ እንዳይመስልህ።

እናቴ ተረት አዋቂ ነበረች። «ና እስቲ ቁጭ በል፣ ላንተ ያስቀመጥኳት አንዲት ተረት አለች» ስትለኝ «ነገ፣ እማ፣ ዛሬ ስብሰባ አለብኝ» እላታለሁ። «አብሽር፣ ተረቷ የትም አትሄድ» ትለኛለች፣ ነገ ደግሞ ሌላ ስብሰባ። አብሮኝ የሚያስተምረው አስናቀ ግን፣ የቄስ ልጅ ነው፣ ሥዕልም ከአባቱ የተማረ፣ ቴፑን ተሸክሞ እየሄደ እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ ቀዳት። እሷ ስታርፍ ድምፅዋ እሱ ዘንድ ቀረ። እውነቱን ልንገርህ፣ ቀናሁ፣ የእናቴን ድምፅ ከእሱ መለመን ሞቴ ሆነብኝ።

በዓመቱ አስናቀ ተረቶቿን በረጅም አቡጀዲ ላይ ሣለና የትምህርት ቤቱን መስኮቶች በጆንያ ጋርዶ ክፍሉን በጠራራ ፀሐይ አጨለመው፣ ከአቡጀዲው ኋላ ማሾ ፋኖስ አብርቶ ሥዕሉን በሁለት እንጨት እየጠቀለለ ለተማሪዎቹና ለወላጆቻቸው ሊያሳይ፣ ቴፑ ደግሞ በእናቴ ድምፅ ሊተርት። ቴፑን እንድይዝለት የለመነኝ ራሱ ነው፣ «አንተ ብትይዘው ደስ ይላታል» ብሎ፣ ለእናቴ ደስታ እሱ ጠበቃ መሆኑ ይባስ አንገበገበኝ። ሊጀምር ሲል ባትሪ ድንጋዮቹን አወጣሁና ኪሴ ከተትኳቸው። ሰው ፊት ይፈር ብዬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

መጀመሪያ የማሾው ሹሽታ ብቻ ይሰማል። ቀጥሎ ሳል፣ የእናቴ ሳል። «ተረት ተረት» አለች፣ ልጆቹ «የላም በረት» አሉ፣ የካሴቱ ክር ግን አይዞርም፣ እመነኝ፣ ዓይኔ ሥር ቆሟል።

«አንዲት ሴት ነበረች፣ ልጇ ከውጭ ቆለፈባትና ወደ ከላላ ገበያ ሄደ። ሲመሽ በሩ ተንኳኳ። ‹ማነው?› አለች። ‹ልጅሽ ነኝ፣ ክፈችልኝ› አላት። ‹የቆለፍከው አንተ፣ ቁልፉም በኪስህ፣ በምን ልክፈትልህ?› አለችው። ልጁም ምን አላት መሰላችሁ?» ብላ ትንፋሽ ወሰደች።

እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ባትሪ ድንጋዮቹን እንደጨበጠ። በዚያ ፍርሃት መሃል እንኳ ይህችን ተረት ለእሱ ሰጥታ ለእኔ ሳትነግረኝ መሞቷ አንጀቴን አሳረረው። ትቀጥል ብዬ ድንጋዮቹን ወደ ቦታቸው መለስኳቸው። ክሩ ዞረ፣ ድምፅዋም «አንድ ጅብና አንዲት አህያ ነበሩ» ብሎ ሌላ ተረት ጀመረ።

ሰው ሲበተን አስናቀን ያዝኩትና «የዚያችን ሴት ጨርስልኝ፣ ልጁ ምን አላት?» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። «እሷን እኔ አልቀዳኋትም» አለኝ። «አንዲት ተረት ለምኛት ‹ያችስ የልጄ ናት› ብላ ከልክላኛለች። እሷ ትሆን?»

ይኸው አርጅቻለሁ። ቤቴን ቆልፌ ወጥቼ ስመለስ ቁልፉን ከኪሴ ከማውጣቴ በፊት አንኳኩቼ ትንሽ እቆማለሁ፣ እናቴ «ማነው?» ብትለኝ ምን እንደምላት ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።