ማንም ያላነበበው ቁጥር

ማመን አለማመን የእናንተ ነው... እኔ ግን የደረሰብኝን ነው የምጽፈው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጠራራ ፀሐይ።

ኮረብታው ላይ ባለው የአየር ሁኔታ ጣቢያ የነበርነው እኔና ታላቅ ወንድሜ ብቻ ነን። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው።

የአሥር ሜትሩ ምሰሶ ጫፍ ላይ ያለው የነፋስ መለኪያ ተበላሽቶ ሊጠግነው ተነሳ። ቀዝቃዛ አየር እየመጣ እንደሆነ ጠዋት ተነግሮናል። ሙቀቱ ከቀደመው ሰዓት ከወረደ ምሰሶ አይወጣም፤ ደንባችን ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን እንዳነብለት ጠየቀኝ።

ቴርሞሜትሩ ያለበት ውጭ ያለው ሳጥን ድረስ መሄድ ታከተኝ...

ምን ያመጣል ብዬ የስምንት ሰዓቱን ቁጥር መዝገቡ ላይ ገለበጥኩት።

"ሃያ ስምንት። ንቅንቅ አላለም" አልኩት።

"ሳጥኑ አልነከሰሽም?" ብሎ ሳቀብኝ። ስንፍናዬን ያውቃል። ግን አመነኝና ወጣ።

ትንሽ ቆይቶ በመስኮት የሚገባው ነፋስ አቅጣጫውን ቀየረ... ቀዘቀዘም።

ሮጬ ሳጥኑን ከፈትኩ። አሥራ ዘጠኝ!

የእጅ ሬዲዮዬን አነሳሁ።

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። እንደ ሽብልቅ ከሞቃቱ አየር ሥር ይገባና ሽቅብ ይገፋዋል። የተገፋው አየር ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱ ደመና ሆኖ እንደ ድስት እየፈላ ወደ ላይ ያድጋል። መብረቁ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ያ ደመና አናታችን ላይ ቆሞ ነበር።

"ውረድ" አልኩት በሬዲዮ። "ዋሽቼሃለሁ... ውረድ።"

ጭጋግ ምሰሶውን ዋጠው።

"እቱ..." አለኝ በሹክሹክታ። "ጻፊ። አሥራ ሁለት።"

ቀና ብዬ ጭጋጉን አየሁ።

"ስድስት... ዜሮ።"

ያን ቀን ዜሮ ዲግሪ የሚገኘው ብዙ ኪሎ ሜትር ሽቅብ ነው። ፈራሁ።

"የት ነህ?"

"እየወጣሁ ነው።"

"ምሰሶው አልቋል እኮ..."

"አውቃለሁ። ከዜሮ በታች ሃያ... ጻፊ።"

ከዚያ ሬዲዮው ጸጥ አለ።

ዝናቡ ሲያባራ ምሰሶው ሥር ማንም የለም። ጫፉ ላይ የደህንነት ቀበቶው እንደተቆለፈ ተንጠልጥሏል... ባዶውን።

እያለቀስኩ ለእርዳታ ልደውል ወደ ቢሮ ገባሁ። መዝገቡ እንደተውኩት ተከፍቷል።

የጻፍኩት ሃያ ስምንት ተሰርዟል።

ጎኑ ላይ በወንድሜ እጅ ጽሑፍ "ሃያ አራት" ይላል። ያኔ ሳጥኑን ከፍቼ ባነብለት ኖሮ ከምሰሶው ያስቀረው የነበረው ቁጥር ነው።

ጣቴን አሳረፍኩበት። ወረቀቱ ላይ በረዶ ጋግሮበት ነበር።