ለአምስት ደቂቃ የታሰረ ክንድ

ሾፌሩ ከድሩ የሞተው ሰመራ ውስጥ፣ ለጤናው ብሎ በተኛበት አልጋ ላይ፣ ግራ ክንዱን እንደዘረጋ ነው። ኢንስፔክተር ኮከብ ከአዋሽ ተጠርታ ስትደርስ አስከሬኑ ተነስቶ ነበር። ሙቀቱ አላንስ ብሎ አለቃዋም በስልክ ይነዘንዛታል።

«ነርሷ በክኒን ገድላዋለች። አስፈርሚና ዝጊው!»

«የቸኮለ ካለ እሱ ይፈርም፤ እኔ ገና አልጠየቅኩም» ብላ ስልኩን ዘጋችበት። ኮከብ እንዲህ ናት፤ ዝጊው ያሏትን ነገር ከፍታ ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም።

ክፍሉ ለጥናት ተብሎ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች የደም ቧንቧ የሚለካበት ነው። ነርሷ ሲስተር አሪፋ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ፣ አገጯ ግን ቀና እንዳለ አስረዳቻት።

«ከክርን በታች ይህን ማሰሪያ በአየር እወጥረዋለሁ። አምስት ደቂቃ ደም ወደ እጁ አይሄድም፣ ከእጁም አይመለስም። ስለቀው ደሙ ይጎርፋል። ጤነኛ ቧንቧ ጎርፉን ሲያገኝ ይሰፋል፤ አንድ ደቂቃ ገደማ ላይ በአልትራሳውንድ እለካዋለሁ። የተጎዳ ቧንቧ ግን እምብዛም አይሰፋም።»

«ክኒኑስ?»

«በመጨረሻ ምላስ ሥር ይደረጋል፤ ቧንቧው በመድኃኒት ስንት እንደሚሰፋ ለማየት። ለከድሩ ግን አልሰጠሁም።»

«የከድሩ የልኬት ቅጽ ሰጥታለች ይላል።»

«ቅጹን የሞላሁት እኔ አይደለሁም። ብታስሩኝም እሰሩኝ፤ ወላሂ ባልሠራሁት አልፈርምም!»

በረንዳው ላይ የከድሩ ረዳት በለጠ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። «አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጋቢና ውስጥ ኖርን። ወንድሜን ገደለችው!»

«ከድሩ ሲሞት ዶክተር ደጀን የት ነበር?»

«የጥናቱ ኃላፊ? ከክፍሉ ወጥቶ እዚህ አጠገቤ ቆሞ እያወራን ነው እሷ የጮኸችው።»

«ከድሩ ከእሱ ጋር ቅሬታ ነበረው?»

«እንዴታ! ባለፈው ወር አዋሽ ላይ ተለክተሃል የሚል ወረቀት አየ። እኛ ያን ሳምንት ሰርዶ ላይ ከተሰበረ መኪና ሥር ተኝተን ነበር። ‹መጀመሪያ በእውነት ለኩኝ፣ ከዚያ ለበላይ እናገራለሁ› ብሎ ነው የመጣው።»

ኮከብ ተመልሳ የደም ናሙና ማቀዝቀዣውንና የቆሻሻ መጣያውን ፈተሸች። አልትራሳውንዱ የቀዳውን ቅጂም ሦስት ጊዜ ደጋግማ አየችው። ከዚያ አሪፋን፣ በለጠንና ዶክተር ደጀንን አልጋው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሲስተር፣ ማሰሪያው ተወጥሮ ሳለ ማን ገባ?»

«ዶክተር። ‹ደም ልውሰድ› ብሎ ከማሰሪያው በታች እጁን ወጋው። እኔ ዓይኔን ከስክሪኑ ካነሳሁ ምስሉ ይጠፋብኛል።»

«ዶክተር፣ የሌሎቹ ሁሉ ደም ማቀዝቀዣው ውስጥ አለ። የከድሩን የት አደረጉት?»

ደጀን ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ብልቃጡ ተሰበረብኝ። ደግሞስ ሰውየው የሞተው እኔ ከወጣሁ በኋላ አይደል?»

«የተማመንከውም በዚህ ነው» አለች ኮከብ፣ አንቱታውን እዚያው ጥላ። «ደም አልወሰድክም፤ መርዝ ነው የወጋኸው። ማሰሪያው ደሙን ሲያግት መርዙንም አገተልህ። አንተ በረንዳ ላይ ምስክር ስታበጅ መርዙ እጁ ውስጥ ጠበቀ። ደቂቃው ሞልቶ ሲስተር ስትለቀው ወደ ልቡ ገሰገሰ።»

«ግምት ነው! ቅጹ ክኒን ነው የሚለው!»

«ቅጹማ አሳበቀብህ። በቅጂው ላይ ማሰሪያው ከተለቀቀ ሠላሳ ሰከንድ ሳይሞላ የደሙ ፍሰት ቆሟል። ቅጹ ግን ‹በአንድ ደቂቃ ሰባት በመቶ ሰፋ› ይላል። የሞተ ሰው ቧንቧ አይሰፋም፣ ዶክተር። ያልተለካ ሰው ቅጽ መሙላት ስለለመድክ እጅህ ሳታስበው ሞላው። ሲስተር፣ ክኒኑን ለምን አልሰጠሽውም?»

«ረመዳን ነዋ! ጾመኛ በቀን ምላሱ ሥር ክኒን አያደርግም። ሼኾቹ ደም መስጠቱን ነው የሚፈቅዱልን። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ክኒኑን ትቼዋለሁ።»

«ከድሩ ምራቁን ሲውጥ እንኳ የሚጠራጠር ሰው!» አለ በለጠ።

«አንድ ቀን እዚህ ቆመህ ብታይ ይህን ታውቅ ነበር» አለች ኮከብ ወደ ደጀን ዞራ። «መርፌህ ከቆሻሻ መጣያው ተገኝቷል፤ የቀረውን ላቦራቶሪ ይናገራል።»

የደጀን ፊት አመድ መሰለ። «አምስት ዓመት የለፋሁበት ጥናት ነው! አንድ ሾፌር መጥቶ ያፍርሰው?»

በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ገብተው እጁን ሲይዙ አሪፋ የአልጋውን ጫፍ ጨበጠች። «ታዲያ የለቀቅኩት እኔ ነኝ» አለች።

ኮከብ ልትዋሻት አልፈለገችም። «አንቺ ነሽ። ገዳዩ ግን እሱ ነው።»

አሪፋ እንባዋን በሻሿ ጠርጋ ወደ ደጀን ዞረች። «በእጄ ሰው አስገደልከኝ። ሥራዬን ግን አታስተወኝም። ነገ ጠዋት ይህ በር ይከፈታል!»

ገዳይ ሲላት የዋለው በለጠ በኀፍረት አንገቱን ደፋ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ወንድሜ የሚለው ሰው የሞተበት አልጋ ላይ ወጣና ክንዱን ዘረጋላት።

«ነገን ምን አመጣው፣ እህቴ? አሁኑኑ ለኪኝ።»