የማክሰኞው የልብ ምርመራ

ሯጯ የሞተችው በልምምድ ሩጫ፣ ስምንተኛው ዙር ላይ ነው። መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑን በልብስ መቀየሪያው ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ በቡድኑ ቱታ ተሸፍኖ አገኘችው።

«መርዘዋታል!» አሉ እናቷ። «ጉንፋኑ ከለቀቃት ሦስት ሳምንቷ ነው!»

መርዝ አልተገኘም። የአስከሬን ምርመራው እንደሚለው፣ ጉንፋን የተባለው ቫይረስ የልብ ጡንቻዋን አቁስሎት ነበር፤ ሩጫው ጨረሳት። ለመርማሪዋ ያልተዋጠላት ግን ሟች ባለፈው ማክሰኞ «መሮጥ ትችላለች» የሚል የክሊኒክ ወረቀት ማግኘቷ ነው።

«እኔ ያየሁት ልብ ጤነኛ ነበር» አለ ሐኪሙ።

«መታወቂያዋን አይተዋል?»

«አይቻለሁ። ራሷን ትመስላለች።»

«ትመስላለች?»

ሐኪሙ የምርመራውን ወረቀት ቅጂ ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

የሟች አሰልጣኝ የልምምድ መመዝገቢያ ደብተሩን ያለ ማቅማማት ሰጣት። «ሰዓት ያልያዝኩበት ቀን የለም» አለ ኮራ ብሎ።

በማግስቱ አሰልጣኙን፣ ሐኪሙን፣ እናትየዋንና የሟችን ታናሽ እህት በአሰልጣኙ ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ደብተርዎ የሟችን የጠዋት የልብ ምት ለዓመታት መዝግቧል፤ በደቂቃ አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት። የክሊኒኩ ወረቀት ግን ሰማንያ አራት ይላል።»

«በሽታው ነዋ ያፈጠነው!» አለ አሰልጣኙ።

«እንግዲያው መታመሟን ያውቁ ነበር።»

መርማሪዋ ደብተሩን ገለጠች።

«ምርመራው የተደረገው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በእርስዎ እጅ ጽሕፈት፦ ‹ሦስት ሺህ ሜትር። ደረቷን ያዘች፤ አቆምን።› አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይገኝም። ክሊኒክ የሄደችው መታወቂያዋን የያዘች፣ መልኳ ከእሷ ጋር የሚመሳሰል ሴት ናት።»

ሁሉም ወደ ታናሽ እህት ዞሩ።

«እሱ ነው የላከኝ» አለች ልጅቷ እያለቀሰች። «‹ድናለች፤ ልምምዷ እንዳይቋረጥ ወረቀቱን አንቺ አምጪላት› አለኝ። እሷም ለመነችኝ።»

«ውድድሩ አሥር ቀን ነበር የቀረው!» ጮኸ አሰልጣኙ። «ካልሮጥኩ ያለችው ራሷ ናት!»

«እሷ ጓጓች። ደረቷን ስትይዝ ያዩት ግን እርስዎ ነዎት።»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ እናትየዋ በዓይናቸው ሸኙት። «‹እንደ አባትሽ ነው› እያልኩ ልጄን አምኜ ሰጠሁት። በሬ ካራጁ ይውላል።»

«እማዬ» አለች ልጅቷ፣ «ሐኪሙ ልብሽ ደህና ነው ሲለኝ እየሳቅኩ ነው የወጣሁት።»

እናቷ እጃቸውን አላነሱባትም፤ አላቀፏትምም። ቦርሳቸውን አንስተው ብቻቸውን ወጡ።