ወደ ሰሜን የታጠፈው ሚኒባስ

«ጨፋ ሮቢት ትሄዳለህ?»

«ለአንድ ሰው አያዋጣኝም።»

«ሁለት ነን።»

ምልክቱ ገጠመ። ኡምኩልሱም ብቻዋን ባጃጁ ውስጥ ገባች።

ከሚሴ በድሩን የሚያውቀው በባጃጅ ሾፌርነቱ ነው። እሱ ግን ሕገወጥ ደላሎችን የሚከታተል የፖሊስ ምርመራ ክፍል ሰው ነው፤ የእሷን መልእክት ተቀብሎ ለአለቃቸው ያደርሳል። እሷም ለከተማው ሰልማ ናት፤ ዓረብ አገር ለመሄድ ተራዋን የምትጠብቅ የገርባ ልጅ። በክፍሉ መዝገብ ደግሞ «ቦርከና» ትባላለች።

ገበያውን እንዳለፉ ከሻርፗ እጥፋት ጥፍር የምታክል ሚሞሪ ካርድ አውጥታ ወንበሩ ስር ሸጎጠች።

«ምን አለበት?»

«ማኅተሙ። የሐሰት የመግቢያ ፈቃዱን የሚያትመው ሰውዬ። የልጆቹ ስም ዝርዝር።»

«መቼ ይወጣሉ?»

«ዛሬ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ። አምስት ናቸው። አዲስ አበባ፣ ኤርፖርት ተብለዋል።»

«አብሽሪ። ሰንበቴ ሳይደርሱ ኬላ ላይ እናስቀራቸዋለን።»

«ቃል ነው?»

«የአለቃ ቃል ነው።»

ወረደች። ወደ ኋላ አላየችም።

ደላላዋ አሻ ቤት አምስቱ ልጃገረዶች ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል። አሻ ራሷን የኢሚግሬሽን ሹም አድርጋ ጠረጴዛ ኋላ ተሰይማ ታለማምዳቸዋለች። ተራው የዓፊያ ነበር። የጨፋ ሮቢት ገበሬ ልጅ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ከደሴ አልፋ አታውቅም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከኡምኩልሱም ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ተኝታለች።

«ለምን ትሄጃለሽ?»

«ለጉብኝት።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«ቀና በይ! የሰረቀች አትምሰይ።»

ዓፊያ ቀና አለች። የመግቢያ ፈቃዷን በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ኡምኩልሱም ወረቀቱን ታውቀዋለች። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት ሲታተም በስልኳ ቀርጻዋለች።

«አንቺስ?» አሻ ድንገት ዞረችባት። «ጠዋት የት ነበርሽ?»



«ፋርማሲ፣ እትዬ።»

«ምን ልትገዢ?»

«ሆዴን አሞኝ ነው። የወር ነገር።»

አሻ እጇን ዘረጋች።

ኡምኩልሱም ኪኒኑን አስቀመጠችላት። ወደ ባጃጁ ከመሄዷ በፊት ገዝታው ነበር። ሴትዮዋ ማሸጊያውን አገላብጣ አየችና ወረወረችላት።

«ያንቺ ፈቃድ የሚቀጥለው ዙር ላይ ነው። ዛሬ ሻንጣ ታግዣለሽ።»

የዓፊያ ሻንጣ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሙስሐፍ፣ አንድ ከረጢት በሶ ነበር። ዚፑ አልዘጋ ብሎ ሁለቱም ተጫኑት።

«ሰልማ፣ ስደርስ የሚቀበለኝ ሰው ባይመጣስ? ማንን እጠይቃለሁ?»

አትሂጂ ልትላት ፈለገች። አሻ ግን በሩ ላይ ቆማለች። ካወቀች አታሚው ይሰወራል፣ ማኅተሙም ይጠፋል፣ ከወር በኋላ ሌሎች አምስት ልጆች እዚህ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ደግሞም ኬላው አለ። አለቃው ቃል ገብቷል።

«አብሽሪ፣» አለቻት። «ምንም አትሆኚም፣ ኢንሻአላህ።»

ሚኒባሱ ተነሣ። ዓፊያ በመስኮት እጇን አወዛወዘች፤ አንዲት ጎረቤት «ከራ ነጋ!» ብላ የሰላም መንገድ ተመኘችላቸው። ኡምኩልሱም አስፋልቱን እስኪይዝ በዓይኗ ሸኘችው። ወደ ደቡብ፣ ወደ አዲስ አበባ መታጠፍ ነበረበት።

ወደ ሰሜን ታጠፈ።

ኮምቦልቻ። ከዚያ ባቲ። ከዚያ በረሃው። ከዚያ ባሕሩ።

ሽንት ቤት ገብታ ለበድሩ ደወለች።

«በሰሜን ነው የወጡት! ሐርቡ ላይ አስቁሟቸው!»

በስልኩ ውስጥ የባጃጁ ሞተር ሲጠፋ ተሰማት።

«በድሩ!»

«እናውቃለን።»

«ምን?»

«አለቃ የሚፈልገው ጠረፍ ላይ የሚረከቧቸውን ሰዎች ነው። መኪናውን የሚከተል ሰው አለ። ኬላ የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም።»

«ቃል ነው ብለኸኝ!»

«ባልልሽ ታስቀሪያቸው ነበር። ቦርከና፣ ካለሽበት አትነቃነቂ።»

ዘጋው።

አሥር ሰዓት ላይ ፖሊሶች ገቡ። አሻን ያዙ፤ አታሚውንም ከነማኅተሙ። ማንነቷ እንዳይታወቅ ሰልማንም አብረው በካቴና አሰሩ።

በማግስቱ የዓፊያ እናት መሪየም ፖሊስ ጣቢያው ግቢ መጣች። ሌሎቹን እስረኞች አልፋ ኡምኩልሱም ፊት ቆመች።

«ልጄ አብራሽ ነው የምትተኛ አሉ። እህት አገኘሁ ብላኝ ነበር። የት አደረግሽብኝ?»

ኡምኩልሱም መሬት መሬቱን አየች።

«ሰው አይደለሽም? ተናገሪ እንጂ!»

አፏን ከፈተች። አለቃው ከፖሊሶቹ ጀርባ ቆሞ ያያታል። መልሳ ዘጋችው።

«አላህ ይይልሽ፣» አለች እናትየው።

በሦስተኛው ቀን በድሩ አስፈታት። አዲስ መታወቂያ ሰጣት፤ በሌላ ስም።

«አታሚው ሁሉንም አምኗል። አለቃ ኮርቶብሻል።»

«ሚኒባሱስ?»

በድሩ ዓይኑን አሸሸ። «ሚሌ ላይ መኪና ቀየሩ። የሚከተለው ሰው አጣቸው።»

ፊቷን በኒቃብ ሸፍና መናኸሪያ ሄደች፣ የደሴ መኪና ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀመጠች። እስኪሞላ ሲጠብቁ አንዲት ሴት ፎቶ ይዛ በየመስኮቱ ስትዞር አየች።

መሪየም ነበረች።

«እህቴ፣ መንገደኛ ነሽ፣» አለቻት ከታች ቀና ብላ። «ይችን ልጅ የትም አላየሻትም?»

ዓፊያ ከፎቶው ላይ ቀጥ ብላ ታያታለች። ኡምኩልሱም ብትናገር ድምፅዋ እንዳይከዳት ፈራች። ራሷን ብቻ ነቀነቀች፤ አላየሁም።

«አላህ በሰላም ያግባሽ፣» አለች መሪየም፤ ወደሚቀጥለው መስኮትም አለፈች።